ለሚሠራ የልዩ ፍላጎት መምህር የቱ ማስተርስ ያዋጣል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት አስተምሬአለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሳይኮሎጂ ነው። ዘጠኝ ተማሪዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ማስተርሴን መማር እፈልጋለሁ፤ ሥራ መልቀቅ ግን አልችልም። ባልደረቦቼ ሰመር ይሻልሻል ይሉኛል፤ አንድ የግል ኮሌጅ ደግሞ በርቀት በዓመት ተኩል ትጨርሻለሽ ብሎኛል። ፍላጎቴ ስጨርስ ልጆችን መርምሬ ኦቲዝም አለበት ወይም የለበትም ለማለት እንድበቃና ደመወዜም እንዲሻሻል ነው። የቱን ልምረጥ? ተሲሱስ ከሥራ ጋር ይሄዳል?»

ከመጨረሻው ፍላጎትዎ ልነሳ፤ ሌላው ምርጫ ሁሉ በእሱ ላይ ያረፈ ነውና። በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚገኝ ማስተርስ ልጅን መርምሮ «ኦቲዝም አለበት» ብሎ ለመፈረም አያበቃም። ያ የሕክምናው ወገን ሥራ ነው፤ የሕፃናት ሐኪም፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ እንደ ተቋሙ አሠራርም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ይሠሩታል። ዲግሪው የሚያስታጥቅዎ በሌላው ግማሽ ነው፦ ልጁ ምን ይችላል፣ የቱ ላይ ይቆማል፣ በምን ዓይነት ድጋፍስ ይራመዳል የሚለውን ክፍል ውስጥ መመዘን፣ ከምዘናው ተነስቶ የግለሰብ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱ መሥራት አለመሥራቱን መለካት። ይህን ሐኪሙ ሊሠራልዎ አይችልም፤ ልጁን የሚያየው በዓመት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ነው።

የልየታ መጠይቆችም ቢሆኑ ከዚህ አያልፉም። ለምሳሌ በዩኒሴፍና የአካል ጉዳት ስታቲስቲክስ ላይ በሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን በዋሽንግተን ግሩፕ የተዘጋጀው የሕፃናት ተግባር መጠይቅ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች 24 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ መግባባት፣ መማር፣ ማስታወስ፣ ትኩረት፣ ጭንቀትና የመሳሰሉት እናትን ወይም አሳዳጊን ይጠይቃል። የተሠራው ግን ለሕዝብ ጥናት እንጂ በአንድ ልጅ ላይ ስም ለመለጠፍ አይደለም። ከእሱ ተነስተው ሊሉ የሚችሉት ትልቁ ነገር «ይህ ልጅ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል» ነው። ፍላጎትዎ በእርግጥ ምርመራ ከሆነ፣ ሳይኮሎጂ ስለተማሩ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ በር አልተዘጋብዎትም፤ አሁኑኑ ወደዚያ ይዙሩ። ልዩ ፍላጎትን ለዚያ አቋራጭ አድርጎ መያዝ ሁለት ዓመት ያስበላል።

ደመወዙም ወረቀት ስላመጡ ብቻ አይነሳም። የትምህርት ደረጃ አንዱ ነገር ነው፤ ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚወጣው የደረጃ ዕድገት መሰላል ደግሞ ሌላው። ማስተርስ የአገልግሎት ዓመትንም የሥራ አፈጻጸም ምዘናንም አያስዘልልም። ሰው የሚጎዳው የት ላይ መሰለዎ? መሥሪያ ቤቱ ሳያውቅ ተምሮ ሲጨርስ ነው። «መደቡ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው» ይባላል፣ ዲግሪው ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት በርዕሰ መምህሩ በኩል ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ያስገቡና ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ይህ የትምህርት መስክ ከያዝኩት መደብ ጋር ይዛመዳል ወይ? ስጨርስ አሁን ባለሁበት ትምህርት ቤት የደረጃ ማሻሻያ ይደረግልኛል ወይ? መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ማኅተምና የወጪ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ይያዙ። ኃላፊው በዓመቱ ሊቀየር ይችላል፣ ደብዳቤው ግን ይቆያል። ትምህርቱን ከፍሎ የሚልክዎ መሥሪያ ቤቱ ከሆነ ደግሞ የግዴታ ውል ይኖራል፤ ስንት ዓመት እንደሚያስርዎ፣ ቢያቋርጡ ምን እንደሚከፍሉ፣ ዋሱም ለምን እንደሚጠየቅ አንብበው ይፈርሙ።

የርቀቱን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው፦ አይግቡበት። የመጀመሪያው ምክንያት ሕጋዊ ነው። የግል ተቋም ዕውቅና የሚያገኘው በጥቅሉ ሳይሆን በየመርሃ ግብሩ ነው፤ የትምህርት መስኩ፣ ደረጃው፣ ካምፓሱና አሰጣጡ ለየብቻ ፈቃድ ይፈልጋሉ። በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ የተፈቀደለት ኮሌጅ በልዩ ፍላጎት ማስተርስ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም፤ በመደበኛ የተፈቀደለትም በርቀት አልተፈቀደለትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፍሬም አይበቃም። ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደው የኮሌጁን ስም፣ የካምፓሱን አድራሻ፣ «ሁለተኛ ዲግሪ፣ ልዩ ፍላጎት፣ በርቀት» የሚለውን ጠቅሰው ያጣሩ። ሁለተኛው ምክንያት ከሕግም ይብሳል። ይህ ሙያ ሞጁል በማንበብ አይያዝም። የምልክት ቋንቋ ፊት ለፊት ሰው ይፈልጋል፤ ብሬይል ጣት ይፈልጋል፤ የክፍል ምልከታ ስህተትዎን አጠገብዎ ቆሞ የሚያርም መምህር ይፈልጋል። በዓመት ተኩል፣ ተሲስን ጨምሮ፣ ሙሉ ቀን እያስተማሩ ይጠናቀቃል የሚልዎ ሰው ተሲሱን ማን እንደሚጽፈው አልነገርዎትም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፤ ሰመር (የክረምት) ወይስ ኤክስቴንሽን (የማታ)። መምህራን ሰመርን የሚወዱት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ሒሳቡን ግን እንየው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በመደበኛው ሴሚስተር በሳምንት 3 ሰዓት በ16 ሳምንት 48 የክፍል ሰዓት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ተደምረው 8 ሳምንት ገደማ ናቸው። ሦስት ኮርስ ከያዙ በሳምንት 18 ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ ንባቡ፣ አሳይመንቱ፣ ፕሬዘንቴሽኑ ሳይቆጠር። ይህም ቢሆን ይቻላል፤ ብዙዎች ችለውታል።

የማይቻለው ተሲሱ ነው። በልዩ ፍላጎት ጥሩ ተሲስ የሚሠራው ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ ነው፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ያሉት ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። የሰመር ተማሪን አማካሪው የሚያገኘው ሐምሌና ነሐሴ ነው። መረጃው ሲኖር አማካሪው የለም፣ አማካሪው ሲመጣ ልጆቹ ቤታቸው ናቸው። ጥቅምት ላይ የተበላሸ ምልከታ ሐምሌ ላይ ሲታይ የሚጠገንበት ቀን አልፏል፤ ሌላ ዓመት ይጠበቃል። ኮርሱን በአራት ክረምት ጨርሰው ተሲሱ ላይ ሦስት ዓመት የሚቆዩ መምህራን ሰነፎች አይደሉም፤ የመርሃ ግብሩ ቅርጽ ነው የያዛቸው። ኤክስቴንሽን ይህን ይገለብጠዋል። ዓመቱን ሙሉ አማካሪው በእጅዎ ነው፣ ክረምቱም ለመጻፍ ነፃ ይሆናል።

እርስዎ ደግሞ ሌላ ክፍለ ከተማ ያለ መምህር የሌለው ሀብት አለዎት፤ ቦታው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስድስት ኪሎ ነው፤ ከአራት ኪሎ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ትምህርት ቤትዎ 9:30 ቢለቅና የማታው ክፍል 11:30 ቢጀምር፣ መንገዱና መውጫ መግቢያው ተቀንሶ በመካከሉ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚቀመጡበት አንድ ሰዓት ከሩብ ያገኛሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን ወደ አራት ሰዓት ንባብ ነው፤ ቤት ገብተው ልጅ እያስተኙ የማያገኙት። ከቃሊቲ ወይም ከጀሞ ለሚመጣ ሰው ያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቀራል። መኖሪያዎ ወደ መገናኛና አያት ከሆነ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ሊታይ የሚገባው ነው፤ መምህራንን ማሠልጠን የቆየ ሥራው ነው።

በሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ አይያዙ። ሦስተኛው ኮርስ የሚጥለው ጥቅምት ላይ ሳይሆን ጥር ላይ ነው፤ የራስዎ ትምህርት ቤት ፈተና፣ ሮስተር፣ ሰርተፊኬት፣ የወላጅ ስብሰባ ከዩኒቨርሲቲው ፈተና ጋር አንድ ሳምንት ውስጥ ይወድቃሉ። ሰኔም እንደዚያው። ለመመረቅ በድኅረ ምረቃ 3.00 አማካይ ነጥብ ያስፈልጋል፤ አንድ ሴሚስተር ላይ የመጣ ሁለት ደካማ ውጤት ቀሪውን ጊዜ ሙሉ ሲያስሮጥ ይከርማል።

ስለ መግቢያው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ማስተርስ ለመግባት ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ፈተናው የሙያ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የቋንቋ፣ የቁጥርና የትንተና ችሎታን ነው የሚለካው። ከትምህርት ዓለም ሰባት ዓመት ለራቀ መምህር አስቸጋሪው ሒሳቡ አይደለም፤ እሱ መቶኛ፣ ሬሾ፣ ቀላል አልጀብራ ነው። ሰዓት የሚጨርሰው የእንግሊዝኛ ምንባብ ነው። ስድስት ሳምንት፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ሰዓት እየያዙ ይለማመዱ። ማየት የተሳናችሁ መምህራንም ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ አንባቢ፣ ብሬይል ወይም ተጨማሪ ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ ጥያቄው በምዝገባው ወቅት በጽሑፍ ይቅረብ። በፈተናው ጠዋት በር ላይ የሚነሳ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ሰነድ ላይ ሰው የሚያቃጥለው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የሚላከው ከተማሩበት ተቋም በቀጥታ ለሚገቡበት ተቋም፣ በታሸገ ፖስታ ነው እንጂ በእጅዎ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይተካውም። የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተዘጋ ደግሞ ዋናው ዲግሪም ትራንስክሪፕቱም ይያዛል። በመምህርነት ያገለገሉበት ጊዜ ለዚህ የሚታሰብ ከሆነ የአገልግሎት ደብዳቤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያስፈልግዎታል፤ ከምዝገባው ሁለት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩት። የሳይኮሎጂ ዲግሪዎ በአብዛኛው ተቀባይነት አለው፤ የመሙያ ኮርስ ሊጨመርብዎ ይችላልና ክፍሉን አስቀድመው ይጠይቁ፣ በጊዜም በገንዘብም ይቁጠሩት። ክፍያውን ከሦስት ዓመት በፊት ከተማረ ጓደኛ አይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የቀድሞው ዋጋ መመዘኛ አይሆንም። ረጅስትራርን ሲጠይቁ የክሬዲቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን «ተሲሱ አንድ ሴሚስተር ቢዘገይ ስንት እከፍላለሁ?» ብለውም ይጠይቁ።

ወደ ተሲሱ እንምጣ፤ የጥያቄዎ ሥጋ እዚህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች የተከማቹበትን የዩኒቨርሲቲውን የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ቢከፍቱ «የአካቶ ትምህርት አተገባበር፦ ተግዳሮቶችና ተስፋዎች፣ በእገሌ ክፍለ ከተማ» የሚል ርዕስ እስኪሰለችዎ ያገኛሉ፤ አካቶ ማለት ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብሮ ማስተማር ነው። ክፍለ ከተማው ብቻ ይቀየራል። ግኝቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የሠለጠነ መምህር እጥረት፣ የቁሳቁስ እጥረት፣ የወላጅ ግንዛቤ ማነስ። ይህን ለማወቅ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም ነበር። መጠይቅ የሚመረጠው ቀላል ስለሚመስል ነው፤ ለሚሠራ መምህር ግን ከባዱ እሱ ነው። በአሥር ትምህርት ቤት ዞሮ ወረቀት ማደል፣ መልሶ መልቀም፣ ያልመለሰውን መለመን በሥራ ሰዓት ነው የሚሠራው።

ስንት ሰው እንደሚጠየቅ የሚያሰላው የናሙና ቀመርም ብዙ ጊዜ ያለቦታው ይገባል። ጠቅላላውን ቁጥር በ0.0025 ማባዛት፣ 1 መደመር፣ ከዚያ ጠቅላላውን ቁጥር ለተገኘው ማካፈል የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለ400 ሰው 200 ይሰጣል፣ መልካም። በክፍለ ከተማዎ ያሉት የልዩ ፍላጎት መምህራን 60 ቢሆኑ ግን ቀመሩ 52 ይልዎታል። ስምንት ሰው ለማስቀረት ቀመር መጻፍ ምን ይሉታል? ሁሉንም መውሰድ ነው።

ለእርስዎ የሚስማማው ሌላ ንድፍ አለ፤ «ሲንግል ኬዝ» የሚባለው። ሦስት መቶ ሰው አንዴ ከመጠየቅ ሦስት ልጅን ሠላሳ ጊዜ መለካት ማለት ነው። ልጆቹ ክፍልዎ ውስጥ ናቸው፤ ትራንስፖርት የለም፣ የሥራ ሰዓት አይነካም። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ችግሩ ልጁ ሥራ ላይ አለመቆየቱ ነው እንበል፤ መፍትሔው ደግሞ የሥዕል መርሃ ግብር፦ አራት ላሚኔት የተደረጉ ካርዶች፣ መጻፍ፣ መቁጠር፣ መክሰስ፣ ጨዋታ፣ በቬልክሮ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉ፤ ልጁ አንዱን ሲጨርስ ራሱ ነቅሎ ከታች ኪስ ውስጥ ይከተዋል።

መጀመሪያ «ሥራ ላይ መሆን» ምን ማለት እንደሆነ በሚታይ ነገር ይተርጎም፤ «ዓይኑ ወይም እጁ በተሰጠው ዕቃ ላይ ሲሆን» ተብሎ። «ትኩረት ሲሰጥ» ከተባለ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ያያል። ከዚያ 20 ደቂቃን በ30 ሰከንድ ይክፈሉት፤ 40 ነጥብ ይወጣዋል። ስልክ በየ30 ሰከንዱ እንዲንቀጠቀጥ ይደረግና በዚያች ቅጽበት ብቻ ልጁን አይቶ መደመር ወይም መቀነስ ምልክት ይደረጋል። እያስተማሩ ይህን መሙላት አይቻልም፤ የክፍልዎ ረዳት ትሙላው፣ ወይም ወላጅ ለብቻው ከፈቀደ ስልክ መደርደሪያ ላይ አቁመው ቀርጸው ማታ ይሙሉት። ከክፍለ ጊዜዎቹ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ሁለተኛ ሰው ለብቻው ይሙላ። ከ40ው 34 ላይ ከተስማማችሁ 85 በመቶ ነው፣ ጥሩ ነው። ከ80 በታች ከወረደ የሚስተካከለው ትርጓሜው ነው፤ ባልደረባን መቆጣት አይረዳም።

ሦስቱ ልጆች በአንድ ቀን አይጀምሩ። የመጀመሪያው ያለ ካርድ 5 ጊዜ ይለካና ካርዱ ይሰጠው፤ ሁለተኛው 8 ጊዜ ተለክቶ፣ ሦስተኛው 11 ጊዜ ተለክቶ። ለምን ቢሉ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ጀምረው ቢሻሻሉ ፈታኙ «በዚያው ሳምንት አዲስ ረዳት መጥታ ቢሆንስ? የምገባው ሰዓት ተቀይሮስ ቢሆን?» ይላል፣ መልስም የለዎትም። በሦስት የተለያየ ቀን፣ ካርዱ በተሰጠ ቁጥር የልኬቱ ግራፍ መስመር ከፍ ካለ ግን ምክንያቱ ካርዱ መሆኑ ይታያል። የመነሻ መስመሩ፣ ማለትም ካርዱ ከመሰጠቱ በፊት ያለው ልኬት፣ በራሱ ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ካርዱን አይስጡ፤ ልጁ ያለ እርስዎ እየተሻሻለ ነው። ሦስት ልጅ ለመጨረስ አራት ይዘው ይጀምሩ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ይቀራል፤ እናት ሥራ ስትይዝ ልጅ ይቀራል፤ የቤት ኪራይ ሲጨምር ቤተሰብ ሰፈር ይለቃል።

የቀን መቁጠሪያው ጥብቅ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከጥቅምት 10 እስከ ታኅሣሥ 20 ድረስ 30 ክፍለ ጊዜ ገደማ አለ። ለአንድ ልጅ 24 ይበቃል፤ ስድስቱ ለበዓል፣ ለስብሰባና ለቀሪ ቀን ናቸው። ከገና በኋላ መግፋት አይገባም፤ በዓሉ፣ ጥምቀቱ፣ ፈተናው ተከታትለው የልጆቹን ልማድ ያፈርሱታል፣ ግራፉም አብሮ ይፈርሳል። ጥቅምት 10 ለመጀመር፣ ጥናቱ ልጆቹን እንደማይጎዳ ታይቶ የሚሰጠው የሥነ ምግባር ፈቃድ ሰኔ ላይ ያለቀ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚወጣው የድጋፍ ደብዳቤ መስከረም ላይ በእጅ የገባ መሆን አለበት። ሴሚስተር የሚበሉት እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ ልጆቹ አይደሉም።

የራስዎን ተማሪ ማጥናት ግን አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወላጅ ለመምህርት «እምቢ» ማለት ይከብደዋል፤ ልጁ እዚያው ነውና። ስለዚህ ፈቃዱን የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይሁን፣ በአማርኛ ይነበብላቸው፣ የማይሳተፍ ልጅም ካርዱ እንደማይከለከልበት በግልጽ ይነገራቸው። ልጁም ራሱ ካልፈለገ፣ ካለቀሰ ወይም ካርዱን ከወረወረ የዚያን ቀን ይቅር። ጽሑፉ ውስጥ ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። ዘጠኝ ልጅ ባለበት ክፍል «የ9 ዓመት ወንድ ልጅ፣ ኦቲዝም ያለበት፣ አራት ኪሎ አካባቢ» ካሉ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ትምህርት ቤቱን «በመሀል ከተማ ያለ» ብለው ይለፉት።

አማካሪ ሲመርጡ ዝና አይከተሉ። ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ አሁን ስንት ተማሪ ያማክራሉ? ይህን ዓይነት ንድፍ አማክረው ያውቃሉ? ንድፉን የማያውቅ አማካሪ ተሲሱን በፈታኞች ፊት በሚከላከሉበት ቀን «ናሙናው ሦስት ብቻ ነው» ሲባል አብሮዎት ይደነግጣል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ ንድፉ ለምን በቁጥር ሳይሆን በድግግሞሽ እንደሚያሳምን አንድ ገጽ አስቀድመው ይጻፉ። አማካሪውን በየሁለት ሳምንቱ ያግኙት፣ ባዶ እጅዎን ግን አይሂዱ፤ ሁለት የተጻፈ ገጽ ይዞ የሚመጣ ተማሪን የሚመልስ አማካሪ ብዙ አላየሁም።

አንድ ትንሽ የሚመስል ግን ሁሌ የሚያስመልስ ነገር፦ የእኛ ስም። ማጣቀሻ የሚያዘጋጁ ሶፍትዌሮች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይገለብጡታል፤ አንዱን ደራሲ እዚህ በራሱ ስም፣ እዚያ በአባቱ ስም ጠቅሰው ሁለት ሰው ያደርጉታል። ዞቴሮ የሚጠቀሙ ከሆነ የደራሲውን ስም በሁለት ሣጥን ሳይሆን በአንድ ሣጥን አስገብተው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ያድርጉት፤ የመምሪያዎ መመሪያ የትኛውን አጻጻፍ እንደሚፈልግም ከመጀመርዎ በፊት ይወቁ።

ውጭ አገርን ካሰቡ በአጭሩ፤ የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ አዲስ አበባ ውስጥ ማዕከል አለው፣ ነገር ግን በዚያ አገር ሥርዓት ከማስተርስ በፊት ኦነርስ የሚባል ደረጃ ስላለ የእኛ የመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ላያስገባዎ ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የልዩ ፍላጎት ባለሙያዎች የተማሩባት ኖርዌይም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ነፃ መሆኗ ቀርቷል። ያለ ስኮላርሺፕ ይህን መንገድ አልመክርም፤ እርስዎም ሥራ አልለቅም ብለዋል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ስድስት ኪሎ፣ ኤክስቴንሽን፣ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ በሦስት ዓመት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለኮርስ ይስጡ፤ በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ፕሮፖዛል፣ ሰኔ ላይ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ በሦስተኛው ዓመት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መረጃ፣ ከጥር ጀምሮ መጻፍ። የዓመት ፈቃድ ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚያገኙ ከሆነ ለኮርስ አያባክኑት፤ የኮርስ ጫና ይቻላል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ውጤትና ውይይት ሲጽፉ ይውሰዱት፤ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ነው።

የማታው መርሃ ግብር በቂ አመልካች ካጣ በዓመቱ ላይከፈት ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አንድ ዓመት ይጠብቁ እንጂ ወደ ርቀቱ አይሂዱ። በዚያ ዓመት የመግቢያ ፈተናውን ይውሰዱ፣ ትራንስክሪፕቱን ያስልኩ፣ ከዘጠኙ ልጆች አንዱን መርጠው የ40 ነጥቡን ወረቀት ለአንድ ወር ይሞክሩት። ትርጓሜው የት እንደሚያሻማ፣ ረዳትዋ የት እንደምትሳሳት፣ ልጁ በስንት ደቂቃው እንደሚሰለች ያኔ ይታያል። የሙከራ ወረቀቶቹን ለተሲሱ ውጤት አይጠቀሙባቸው፤ ያለ ሥነ ምግባር ፈቃድ የተሰበሰበ መረጃ ከክፍልዎ አይወጣም።